ቶንሲል የሌለው ልጅ የለም

«ሲስተር፣ ኩላሊት አለብኝ» የሚል ሰው ሲመጣ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «እግዚአብሔር ይመስገን! ሁለት ነው ያለዎት።» የሚስቅ ይስቃል፣ የሚቆጣም ይቆጣል። ከዚያ «እስቲ የሚያምዎትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩኝ» ስል ብዙው ሰው ወገቡን ይይዛል። ድንች ሲኮተኩት የከረመ ወገብ ነው፤ ኩላሊቱ ከነገሩ የለበትም።

በአማርኛችን የአካሉን ስም ወስደን በሽታውን እንጠራበታለን። ጨጓራ አለብኝ፣ ነርቭ አለብኝ፣ ሳይነስ አለብኝ፣ ቶንሲል አለብኝ እንላለን። ጨጓራ የሌለው ሰው እንጀራውን የት ሊያኖረው ነው? ሳይነስም ቢሆን በሁላችንም የፊት አጥንት ውስጥ ያለ ክፍት ቦታ ነው። ቶንሲል ደግሞ በእንጥል ግራና ቀኝ የተቀመጠ፣ ሕፃን ሁሉ ይዞት የሚወለደው አካል ነው። እንግሊዞቹ «ቶንሲል» ሲሉ ይህንኑ አካል ማለታቸው ነው። ቃሉ ወደ እኛ ሲመጣ ግን በሽታ ሆነ። በሕክምና ትምህርት ቤት አካል ብዬ የተማርኩትን ቃል በጤና ጣቢያው በር ላይ በሽታ ሆኖ ስላገኘሁት መጀመሪያ ግራ ተጋብቼ ነበር።

የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ የጀመርኩት በ1974 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ አካባቢያችን በጎጃም ክፍለ ሀገር የአገው ምድር አውራጃ ይባል ነበር፤ ዋና ከተማው ዳንግላ ነበረች። ዛሬ የአዊ ብሔረሰብ ዞን ነው፤ ከተማውም እንጅባራ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በእነዚህ ሁለት ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉ ገጠሮች ሠላሳ ስምንት ዓመት ስሠራ ከመድኃኒት እጥረት ቀጥሎ የታገለኝ ነገር ይኸው የቃል ጉዳይ ነው ብል አላጋነንኩም።

ቃል አገር ሲለውጥ ትርጉሙን መንገድ ላይ ማንጠባጠቡ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው መርከበኛ ጄምስ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1777 በሰላማዊ ውቅያኖስ ወዳሉት የቶንጋ ደሴቶች በሄደ ጊዜ «ታፑ» የሚል ቃል ሰማ። በደሴቶቹ ሰዎች ዘንድ ታፑ የተባለ ነገር የተለየ፣ የተከበረ፣ እንደ ዋዛ የማይነካ ነው። ትልቁ ደሴታቸው ራሱ ቶንጋታፑ ይባላል። ቃሉ በመርከብ ተጭኖ እንግሊዝ ሲገባ «ታቡ» ሆነ፤ ክብሩና ቅድስናው ከባሕሩ ቀርቶ ክልከላው ብቻ ደረሰ። ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ታቡ» ሲል እኛ ነውር የምንለውን፣ በእንግዳ ፊት የማይነሣውን ነገር ማለቱ ነው። የደሴቲቱ አያትና የለንደኗ አያት አንድ ቃል ይዘው ቢገናኙ አንዷ እኛ መቅደስን በምናይበት ዓይን ስታስብ፣ ሌላዋ ስለ ጓዳ ገመና ታስባለች። (ከእኛ «ታቦት» ጋር ድምፁ ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም፤ ይህን የምለው የልጅ ልጄ ስለጠየቀችኝ ነው።)

የነውርን ነገር እዚህ ላይ ካነሣሁ አይቀር፣ በእኛ አካባቢ ቃሉ ስንቱን ሰው እንደጎዳ ልናገር። የገጠሩ ሕዝባችን፣ በተለይ ሸምገል ያሉት እናቶች፣ አፋቸውን የፈቱት በአውኚ ነው። አውኚ ከኩሽ ቋንቋዎች የአገው ወገን ነው፤ ከሰቆጣው ኽምጣንጋና ከኤርትራው ብሌን ጋር ይዛመዳል፤ ከአማርኛ ግን በሥሩ ሌላ ነው። ጤና ጣቢያው የሚያነጋግረው በአማርኛ፣ ካርዱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ። ስለዚህ አንዲት እናት ሕመሟ ካርድ ላይ እስኪሰፍር ድረስ ሦስት ቋንቋ ይሻገራል። መሻገሪያው ደግሞ ብዙ ጊዜ አማርኛን በትምህርት ቤት የለመደ የአሥርና የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጅ ነው።

አንድ የገበያ ቀን እንዲህ ያሉ እናት መጡ። ልጁ «ሆዷን ያማታል» አለኝ። እሳቸው አንድ ነገር ጨመሩ፤ ልጁ «አዎ፣ ሆዷን» አለኝ። ፊታቸው ነጥቷል፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሥረዋል፤ ሲቀመጡም እንደ ሆድ ሕመምተኛ አልተቀመጡም። ልጁን «ካርድ ክፍል ሄደህ የአያትህን ቁጥር ጠይቅልኝ» ብዬ ላክሁትና በሩን ዘግቼ በተማርኳት ጥቂት አውኚ ጠየቅኋቸው። የወር አበባቸው ከተቋረጠ ብዙ ዓመቱ ነው፤ ከወራት ወዲህ ግን ደም ይፈሳቸዋል። ይህን ለልጅ ልጃቸው እንዴት ብለው ይናገሩ? ሆድ ያሉት ልጁ ሊሸከመው የሚችል ቃል እሱ ስለሆነ ነው። እኔ ባልጠይቃቸው ኖሮ ካርዱ ላይ «አብዶሚናል ፔይን» ተጽፎ የትል መድኃኒት ይዘው ይሄዱ ነበር። የወር አበባ ቆሞ ከከረመ በኋላ የሚመጣ ደም የማኅፀን ወይም የማኅፀን በር ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ቀን የሚሰጠው ነገር አይደለም። ወደ ሆስፒታል ላክናቸው።

ከዚያ በኋላ ከልጅ ጋር የመጣ ትልቅ ሰው ሁሉ ለአንድ አፍታ ብቻውን እንዲያነጋግረኝ አደርግ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከየቀበሌው ተመርጠው ሲሰማሩ ብዙ ነገር ቀለለልን፤ የሰፈር ልጆች ስለሆኑ ቋንቋውንም፣ ነውር የሚባለውንም ያውቃሉ። ቢሆንም እናንት በባሕር ዳርም በአዲስ አበባም ያላችሁ ልጆች፣ እናታችሁን ሐኪም ቤት ስትወስዱ ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉ። ራሳችሁም ብትሆኑ፣ በተለይ ወንዶች፣ ጥቂት ደቂቃ ውጡላቸው።

ወደ ቶንሲል ልመለስ፤ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ድሮ ጉሮሮውን የታመመ ልጅ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባል ነበር፤ መድኃኒቱም በአዋቂ እጅ እንጥሉን ማስቆረጥ ነበር። ስንት ሕፃን ደሙ አልቆም ብሎ፣ ስንቱስ ቁስሉ አመርቅዞ ሲመጣ አይቻለሁ። ግግ ነው እየተባለ ድዱ የተፋቀውን ሕፃን ሳልቆጥር ነው። «ቶንሲል» የሚለው ቃል ሲለመድ እንጥል ማስቆረጥ እየቀረ መጣ፤ ለዚህ ቃሉን አመሰግነዋለሁ። ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። ቶንሲል የቤት ልጅ ሆነ። «ቶንሲል ነው፣ የለመደበት ነው፣ ብርድ ሲመታው ይነሣበታል» ይባላል። ስም ያለው ነገር የታወቀ ይመስላል፣ የታወቀ ነገር ደግሞ አያስፈራም። አንዳንዷ እናት ዝንጅብልና ማር ትሰጣለች፤ አንዳንዷ ከጎረቤት የተረፈ ሦስት አራት ፍሬ ኪኒን ታውጠዋለች፤ ልጁ ይሻለዋል።

እውነት ነው፣ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ ነው፤ ከጉንፋን ጋር መጥቶ ከጉንፋን ጋር ይሄዳል። ኪኒንም አያሻውም። አንዱ ዓይነት ግን ስትሬፕቶኮከስ ከሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይበዛል፤ ብዙ ሰው በአንድ ጠባብ ቤት ተጠጋግቶ በሚያድርበት ቦታ በቀላሉ ይዛመታል። እንጅባራ ክረምቱን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ጭጋጉና ዝናቡ ሲበረታ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ነው። ይህኛው ድንገት ይጀምራል፣ ትኩሳት አለው፣ ልጁ ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል። ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ የለበትም። አፉን ከፍታችሁ ብታዩ ቶንሲሎቹ ቀልተው አብጠዋል፣ ነጭ ነገርም ሊታይባቸው ይችላል። መንጋጋው ሥር ያሉት ዕጢዎች ሲነኩ ያሙታል።

ሳይታከምም ቢሆን ልጁ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ተነሥቶ ይጫወታል። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። በአንዳንድ ልጆች ላይ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ ያዘጋጀው መከላከያ የራሱን ወገን መምታት ይጀምራል። መገጣጠሚያ ያብጣል፤ ዛሬ ጉልበት፣ በሌላ ቀን ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ክርን። ትኩሳት ይኖራል። ይህም ያልፋል። ከዚሁ ጋር ግን የልብ በሮች፣ ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸው፣ ይቆስላሉ፤ ሲድኑም ጠባሳ ይዘው ይቀራሉ። በሩ አልከፈት ወይም አልዘጋ ይላል። ዕድሜ ልክ የሚቀረው ይህ ነው። ስሙ የቁርጥማት የልብ ሕመም ነው። እዚህም ቃሉ ያታልለናል፤ ቁርጥማት የሽማግሌ ነው ብለን ስለምናምን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጉልበቴን ሲል «እያደግህ ነው፣ አጥንትህ ሲረዝም ነው» እንለዋለን። በማደግ ጉልበት አያብጥም፤ ትኩሳትም አይመጣም።

በ1996 ዓ.ም. ከባንጃ ገጠር አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በፈረስ ጭነው አመጡልን። አባቱ ከኋላው ደግፎት ተቀምጧል። ልጁ በጀርባው ሲያስተኙት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሲያስቀምጡት ይሻለዋል። እግሩ አብጧል። እናቱ «ሳንባው ነው መሰለኝ» አለችኝ። ከዚህ በፊት ምን አሞት ያውቃል ብዬ ስጠይቅ «ደኅና ልጅ ነው፤ ቶንሲል ብቻ ነበረበት፣ ባለፈው ክረምት ለቀቀው» አለች። ጉልበቱንስ? «አዎ፣ አብጦ ነበር፤ ወጌሻ አሽቶት ዳነ።» በማዳመጫው ልቡን ስሰማው፣ ጥርት ብሎ መምታት ሲገባው እንደ ወፍጮ ውሃ የሚንሸዋሸው ድምፅ ነበረው። ያቺ እናት ምንም አልደበቀችም፣ ምንም አላጎደለችም። የልጁ ሕመም ታሪክ በሙሉ በአፏ ነበር፤ ቶንሲሉ፣ ጉልበቱ፣ ትንፋሹ። ሦስቱን ግን ሦስት የተለያዩ ስሞች ለያይተውባታል። ልጁ በማግሥቱ ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ተላከ።

ሌላዋን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ብዙ መናገር አልወድም። የሃያ ሁለት ዓመት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ በሰባተኛ ወሯ ትንፋሽ ሲያጥራት ቤተሰቡ «ፅንሱ ወደ ላይ ገፍቷት ነው» አለ። እርግዝና የልብን ሥራ ስለሚያበዛ ተደብቆ የኖረ የልብ በር ሕመም ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ያን ጊዜ ነው። ወደ እኛ የመጣችው በመጨረሻው ሰዓት ነበር። እሷንም ፅንሱንም አላተረፍናቸውም።

ይህ ሁሉ እንዳይመጣ የሚያደርገው ነገር ውድ አይደለም። ባክቴሪያው ያመጣው የጉሮሮ ሕመም በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠ ልብ ይተርፋል። ወይ አንድ መርፌ ነው፣ ወይ ለ10 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት። አሥር ቀን ማለት አሥር ቀን ነው፤ በሦስተኛው ቀን ስለተሻለው ለታናሹ የሚቀመጥ አይደለም። ለየትኛው ልጅ እንደሚገባ የሚወስነው ጉሮሮውን ያየ ባለሙያ ነው። አያቶችን የምለምነው ነገር ቢኖር «ቶንሲል ነው» ብላችሁ እናትየዋን ከመንገድ እንዳትመልሷት ነው።

አማርኛውን ብቻ እየከሰስኩ እንዳልመስል፣ የባሕር ማዶውም ሰው ከዚህ አላመለጠም። እንግሊዞች የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ሲመጣ የሚሰማቸውን የደረት ቃጠሎ በቋንቋቸው የልብ ቃጠሎ ነው የሚሉት። ፈረንሳዊ «ልቤን አመመኝ» ካለ ሊያስመልሰው ነው ማለት ነው። ልክ እንደ እኛ «ልቤን አቅለሸለሸኝ» ማለት ነው። የጨጓራ የላይኛው አፍ ራሱ በሕክምና መጽሐፍ «ካርድያ» ይባላል፤ በግሪክ ልብ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ጨጓራውንና ልቡን ሲያምታታ የኖረው ጎረቤት ስለሆኑ ነው። «ልቤን» ብሎ ጨጓራውን የሚያሳይ ሰው ብዙ አያሳስበኝም። የሚያስፈራኝ ተቃራኒው ነው፤ «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ልቡ የታመመ ሰው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ ስኳር ያለባቸውና ሴቶች ልባቸው ሲታመም ደረታቸውን ላያማቸው ይችላል፤ ከእምብርት በላይ ብቻ ጭንቅ ይላቸዋል። ከዚያ ጋር ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ድንገተኛ ድካም ከመጣ ተልባ እየጠጡ የሚያድሩበት ሌሊት አይደለም።

ደም ብዛትን ደግሞ ማን እንደተረጎመው ባውቅ እወቅሰው ነበር። ከግፊት ጋር እንጂ ከደም ብዛት ጋር ግንኙነት የለውም። ግን ቃሉ ብዛት ስለሚል ስንት አባት «ከስቻለሁ፣ ደሜም አልቋል፣ ከእንግዲህ ኪኒኑ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ትቶታል። ደም ማነስ የተባለችዋ ነፍሰ ጡር ደግሞ ግፊቷ የወረደ መስሏት ጨው ትጨምራለች፤ የጎደላት ግን ብረት ነው። ደም ግፊት ብንል ይሻላል። ደግሞም አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊኖሩት ይችላሉ፤ ደሙ አንሶ ግፊቱ የጨመረ ብዙ ነፍሰ ጡር አይቻለሁ።

የባዕዱ ቃል የሚሻልበትም ጊዜ አለ። ነቀርሳ የምንለው ካንሰርን ነው፤ ግን የሳንባ ነቀርሳ ስንል ቲቢ ማለታችን ነው። አንድ የዳንግላ ዙሪያ ገበሬ የሳንባ ነቀርሳ አለብህ ሲባል መድኃኒቱን ሳይወስድ ቤቱ ገባ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልንጠይቀው ስንሄድ አንድ በሬውን ሸጦ ዕዳውን ከፍሎ ተዝካሩን ሲያዘጋጅ አገኘነው። «ነቀርሳ መድኃኒት የለውም አይደል?» አለን። ቲቢ በ6 ወር መድኃኒት የሚድን፣ መድኃኒቱም በነፃ የሚሰጥ መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብን። ዳነም። ከዚያ ወዲህ እኔ ቲቢ ብቻ ነው የምለው፤ የቋንቋ ተቆርቋሪዎች ይቅር ይበሉኝ።

አንድ ቃል ብዙ ነገር መሸከሙ ሁልጊዜ አይጎዳም። ኮሶን እዩ። ዛፉ ኮሶ ነው፣ ከአበባው የሚወጣው መድኃኒት ኮሶ ነው፣ ሆድ ውስጥ ያለው ትልም ኮሶ ነው። እንጅባራም ሌላ ስሟ ኮሶበር ነው። በዚህ የተሳሳተ ሰው አላየሁም። እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ግሽ ዓባይ የመጣው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ዛፉን በጆሴፍ ባንክስ ስም ሊጠራው ሞክሮ ነበር፤ ባንክስ ከካፒቴን ኩክ ጋር እስከ ታሂቲ የተጓዘው ሰው ነው። ስሙ አልያዘለትም። እኛ ኮሶ ነው ያልነው።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ የበሽታውን ስም ይዛችሁ አትሂዱ። መቼ እንደጀመረ፣ የት እንደሚያም በጣት፣ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ምን ነበር፣ ምን ተወስዶ ነበር፤ ይህን ይዛችሁ ሂዱ። ለልጅ ከሆነ የጉሮሮውንም፣ የጉልበቱንም፣ የትንፋሹንም ነገር አንድ ላይ ተናገሩ፤ የማይገናኝ ቢመስላችሁም። ስሙን ማውጣት የእኛ የባለሙያዎቹ ሥራ ነው፤ ለዚያ ነው ደመወዝ የበላነው።

ያ በፈረስ የመጣው ልጅ ከባሕር ዳር ሲመለስ በየ4 ሳምንቱ የሚወጋ የፔኒሲሊን መርፌ ታዞለት ነበር፤ ልቡ ዳግም እንዳይቆስል ለብዙ ዓመት የሚቀጥል ነው። አሁን እንጅባራ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል፤ ዳገት በእግሩ መውጣት ባይሆንለትም ሥራውን ይሠራል። መርፌውን አቋርጦ አያውቅም፣ እናቱ አታስረሳውምና። የቀጠሮውን ቀን እስከ ዛሬ «የቶንሲሉ ቀን» ነው የምትለው። አላረምኳትም።